በጥር የሚነበብ ጓሮ

የበጋ ጓሮ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የደረቀ ሣር፣ አቧራ የለበሰ ቅጠልና የውኃ ጎማ ይዞ የቆመ ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ጥርሱን ነክሶ ያሳልፈዋል። እኔ ግን ጓሮን ለማየት ከበጋ የተሻለ ወቅት የለም ባይ ነኝ። ክረምት አያዳላም፤ ሰነፉንም ጎበዙንም ገበሬ እኩል አረንጓዴ ያለብሳል። በጋ ሲገባና ሣሩ ሲደርቅ ግን የማን እጅ ምን እንደሠራ ገሃድ ይወጣል። አጥሩ ይታያል፣ የተክሉ አሰላለፍ ይታያል፣ አፈሩ መሸፈን አለመሸፈኑ ይታያል። በዚያን ጊዜ አሁንም ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ሐምራዊ ሆኖ የሚገኝ ነገር ካለ፣ ሰው አስቦበት ያቆየው ነው። እኔ ይህን ከደቡብ ኢትዮጵያው ጌዴኦ በተሻለ የሚያሳይ አገር አላየሁም።

አውሮፓውያን አትክልተኞች ለብርዱ ወራት የተለየ የጓሮ ዓይነት አላቸው። ቅጠላቸው ሲረግፍ ቅርፊታቸው ደም የመሰለ ቁጥቋጦዎችን፣ በውርጭ መሐል የሚያብቡ ተክሎችን እየመረጡ ጎን ለጎን ይተክላሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት አትክልት ሥፍራ ለዚሁ ብቻ የተከለለ ቦታ አለው። እዚያ ቀለሙ የሚተከለው ለዓይን ነው። ጌዴኦ ውስጥ ለዓይን ብቻ ተብሎ የተተከለ ነገር ለማግኘት ዲላ ከተማ መግባትና የሆቴሎችን አጥር የወረሰውን ቦገንቪሊያ ማየት ያስፈልጋል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ኮርቹ ለአጥርና ለጥላ፣ ብሳናው ለአፈር፣ እንሰቱ ለሆድ፣ ቡናው ለገበያ ነው። ውበቱ የመጣው ሥራው በደንብ ስለተሠራ ነው፤ እኔም የማደንቀው እሱን ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚደርሱባት የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። በስተምዕራብ መሬቱ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ እየተነሣ ወደ ቡሌ ደጋ ይወጣል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ 847,434 ሰው ተመዝግቧል። የዞኑ ስፋት 1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው። ቁጥሩን የሰማ ሰው የተራቆተ ኮረብታና ጣራ በጣራ የሆነ መንደር ይጠብቃል። ከወናጎ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ በመስኮት ሲያይ ግን የሚያገኘው ጫካ ነው። ቤቶቹ ከዛፎቹ ሥር ናቸው፤ ጭስ ካልወጣ ወይም ቆርቆሮ ካላብለጨለጨ በቀር መኖራቸው አይታወቅም። ጫካ ያልኩትም በትክክል ጫካ አይደለም። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጓሮ ከጎረቤቱ ጓሮ ጋር እየተያያዘ ተራራውን ሙሉ ያለበሰው ነው።

በጥር ወር ከሩቅ ዓይን የሚይዘው ኮርች ነው። ቅጠሉን ጥሎ ባዶ ቅርንጫፉን ይዘረጋና በጫፍ በጫፉ ብርቱካንማ ቀይ አበባ ያቆማል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው አበባው ከታች ወደ ላይ ነው የሚፈነዳው። ስለዚህ በአንድ ዘለላ ላይ ሦስት ዘመን አብሮ ይገኛል፤ ታች የጠወለገውና ፍሬ መያዝ የጀመረው፣ መሐል ላይ ደማቁ፣ ጫፉ ላይ ገና ያልተከፈተው እንቡጥ። ረጅም ቀጭን ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ማሩን ለመምጠጥ ከዘለላ ዘለላ ሲዘሉ ይውላሉ። በደጋው የሚገኘው የኮርች ዝርያ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይበቅል ሲሆን፣ በሳይንሳዊ ስሙ የስኮትላንዳዊውን ተጓዥ የጄምስ ብሩስን ስም ይዟል።

ግን የኮርቹ ጥበብ አበባው ላይ አላለቀም። ኮርች ዘር አስበቅሎ፣ ችግኝ አፍልቶ መጠበቅ አያስፈልገውም። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ግንድ ተቆርጦ መሬት ከገባ ሥር ያወጣል። በአጥርነት የቆመው እንጨት በዓመታት ውስጥ ዛፍ ይሆንና ለቡናው ጥላ ይሰጣል፤ ወገኑ ከጥራጥሬ ስለሆነ ሥሩ ላይ ባሉ ተሕዋስያን አማካይነት ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ያስገባል፤ ቅጠሉን ከብት ይበላዋል። ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጣል። ቀዩ እንዲሁ የተበተነ ይመስላል እንጂ መስመር አለው። ያ መስመር የድንበር መስመር ነው። አባት ከወንድሙ ጋር ሲካፈል የተከለው እንጨት ዛሬ በዓመት አንድ ጊዜ ሲያብብ የርስቱን ካርታ በቀይ ይሥላል። በቀሩት ወራት ይህን ካርታ ማንበብ አይቻልም፤ አረንጓዴው ይሸፍነዋል።

ከኮርች ቀጥሎ ብሳና አለ። ብሳና እንደ ኮርች አይጮኽም። አሮጌው ቅጠል ከመርገፉ በፊት ደማቅ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይለወጥ ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ እዚህም እዚያም እሳት የተለኮሰበት ይመስላል። አንዷን የወደቀች ቅጠል አንሥቶ ማገላበጥ ይገባል። ልብ የሚመስል ቅርጽ አላት፤ ረጅም አንገቷ ከቅጠሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጥቃቅን እጢዎች ተቀምጠዋል። ጀርባዋ ፈዘዝ ያለ ብርማ ነው፤ ሕይወት ያለው ቅጠል በነፋስ ሲገለበጥ ዛፉ ሁሉ የሚነጣው ለዚህ ነው። ይቺ ቅጠል መሬት ላይ ብዙ አትቆይም፤ የብሳና ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ብሳናን ከቡናና ከእንሰት መሐል አይነቅለውም። ሲበዛበት ይገርዘዋል፣ የተገረዘውንም ወደ ውጭ አይጥለውም።

ብርብራ በዚህ ወቅት ለጆሮ ነው። በቡናማ ጠጉር የተሸፈነው ጠፍጣፋ ቆባው ይደርቅና ቀትር ላይ በፀሐይ ብዛት ተሰንጥቆ ጧ ይላል፤ ፍሬውንም ይወረውራል። የማያውቅ እንግዳ ሰው ከኋላው እንጨት የሰበረ መስሎት ይዞራል። ግራዋም ነጭ አበባውን የሚያወጣው በበጋው ነው፤ ቀፎ የሰቀለ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። ዋንዛው ደግሞ ወደ በጋው መጨረሻ ቢጫ የሚያጣብቅ ፍሬውን ያበስላል፤ ልጆች ጣታቸውን እየላሱ ይበሉታል።

እነዚህን ሁሉ የምጠራው ጓሮው በአጋጣሚ የተሰበሰበ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። መሰለ ነጋሽ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የደን ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ደቡብ ምሥራቃዊ ቁልቁለት ባሉ ማሳዎች ላይ 58 የእንጨት ተክል ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 86 በመቶው አገር በቀል ነው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። ገበያ በሚገዛው ዘመን፣ ግማሽ ሄክታር እንኳ በማይሞላ መሬት ላይ፣ አገር በቀሉ ዛፍ ይህን ያህል መብዛቱ የሚገርም ነው። እያንዳንዱ ዛፍ እዚያ የቆመው አንድ ሰው ገጀራ ይዞ አጠገቡ ሲደርስ «ይቺን ተዋት» ስላለ ነው። የጌዴኦ ጓሮ የተሠራው በመትከል ብቻ ሳይሆን በመተውም ነው። ወፍ የጣለው ዘር ሲበቅል ገበሬው አይቶት ያልፋል፤ ቦታው ተስማሚ ከሆነ ያሳድገዋል፣ ካልሆነ ይነቅለዋል። ይህ ውሳኔ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚወሰን ማንም አይቆጥረውም።

አሁን ወደ እንሰቱ እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ እሱ ነው።

እንሰትን የአዲስ አበባ ሰው በአብዛኛው በኮባነቱ ያውቀዋል፤ ዳቦ ይጋገርበታል። በጌዴኦ ግን ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው የቤቱ መሠረት ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሃያ ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ተክል ይኖራል ይባላል። በበጋ ጓሮ ውስጥ እንሰት አረንጓዴነቱን አይለቅም፤ ውኃ በግንዱና በሥሩ አከማችቷል። ቅጠሉ ከጫፉ በነፋስ ቢተለተልም መሐል አጥንቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ደግሞ ቀለሙ ይወጣል። አንዱ እንሰት አጥንቱ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፤ የሌላው ሮዝ ነው፤ የሌላው ወይን ጠጅ መስሎ ወደ ጥቁር ይጠጋል። አላፊ አግዳሚው አንድ ዓይነት ተክል ነው ብሎ ያልፋል። ገበሬው ግን ከሩቅ አይቶ ጋንቲቾ ነው፣ ኒፎ ነው ብሎ በስሙ ይጠራዋል። የትኛው ለቡላ እንደሚሻል፣ የትኛው ሥሩ ተቀቅሎ እንደሚጥም፣ የትኛው ቃጫው እንደሚጠነክር ለይቶ ያውቃል። አንድ ዓይነት ብቻ የሚተክል ቤት የለም፤ በሽታ ከመጣ ሁሉንም እንዳይወስድበት ነው። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ የገባበትን ጓሮ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

በጋ ሲሆን በእነዚህ ጓሮዎች ውስጥ ከዓይን የሚሰወር አንድ ሥራ ይሠራል። ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ፍግና አመድ በሚደርስበት ለስላሳ አፈር ላይ፣ በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ ጉብታ ይታያል። ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉት ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቅ ብሎ በስለት የተቆረጠ የእንሰት ግንድ አለ። የተቆረጠው ፊት ክብ በክብ የተደራረበ ነው፤ እያንዳንዱ ክብ የአንድ ቅጠል ሽፋን ነው። ነጭ የነበረው አየር ሲያገኘው ቡናማ ሆኗል። መሐሉ ግን የለም። ተቦርቡሮ ወጥቶ በቦታው አፈርና ፍግ ገብቷል። ያየው ሁሉ ሞቷል ይላል።

ይርጋጨፌ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ይህን ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ «አባባ፣ መሐሉን ለምን ያወጡታል?» አልኳቸው። ቢላዋቸውን ሳይተዉ «ልቡ ካለ እሱ ብቻ ያድጋል፤ ስታወጣው ዙሪያውን ይወልዳል» አሉኝ።

የዕፅዋት ሳይንስ የሚለውም ይህንኑ ነው። የማደጊያው ጫፍ እስካለ ድረስ በዙሪያው የተኙትን እምቡጦች ይጫናቸዋል፤ እሱ ሲነሣ እነሱ ይነቃሉ። ሽማግሌው ግን የሚሠሩት ከሳይንሱ የተሻለ ነው ብል አላጋነንኩም፤ መጠኑን ያውቁታልና። ጥቂት ቢቦረቡሩ ልቡ ይተርፍና መልሶ ብቻውን ይወጣል። አብዝተው ቢቦረቡሩ ሥሩን ይጎዱታል፣ ውኃ ይገባበታል፣ ይበሰብሳል። ስለቱ የገባበት ግድግዳ ለስላሳ ነበር፤ በአንድ ዙር እጅ ሳያመነታ የተቆረጠ መሆኑ ያስታውቃል። ለዚህ የሚመረጠው ተክል ጤናማ፣ ወፈር ያለ፣ የጥቂት ዓመት ዕድሜ ያለው ነው፤ የደከመውን ለዘር አያውሉትም። ከተቀበረ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ከዚያ በግንዱ ዙሪያ፣ ከአፈሩ ሥር፣ ሹል ሹል ቡቃያዎች ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ፈዛዛ፣ ብርሃን ሲያገኙ ጫፋቸው ቀላ ያለ። ከአንድ ሥር በደርዘን የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ይወጣሉ። እኔ ያየሁት ጉብታ ላይ ገና ጥቂት ነበሩ፤ ጣት የማያህሉ፣ እንደ ቀለበት ዙሪያውን የከበቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዓመታት ይፈጃል። ችግኞቹ ይለያያሉ፣ በረድፍ ይተከላሉ፣ ሲያድጉ ተነቅለው ሰፋ ባለ ቦታ እንደገና ይተከላሉ፣ ምናልባትም አንድ ጊዜ ደግሞ። ለምግብ የሚደርሱት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ በደጋው ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ አንድ የጌዴኦ ጓሮ ውስጥ ገብቶ ከቤቱ ደጃፍ ወደ ዳር የሚሄድ ሰው በዕድሜ ነው የሚራመደው። ደጃፉ ላይ የዘንድሮው ቡቃያ፣ ቀጥሎ የአምናው፣ ቀጥሎ የካቻምናው፤ ዳር ላይ አንድ ሰው የማያቅፈው ጎልማሳ። በመሐል የጎደለ ዕድሜ ካለ ያ ቤት በዚያ ዓመት አንድ ነገር ገጥሞታል ማለት ነው፤ ሕመም ወይም ችግር ወይም የሚተክል ልጅ ከቤት መውጣት። ጎረቤት ይህን ሳይነገረው ያነበዋል።

አፈሩን ማየትም መርሳት አይገባም። በቁልቁለቱ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። አረሙ ይታጨዳል፣ ይተኛል፤ የኮርቹ፣ የብሳናው፣ የዋንዛው ቅጠል በላዩ ይወርዳል፤ የእንሰቱ ትራፊና የቡናው ገለባም ይጨመርበታል። ፀሐይ በምትበረታበት ወር መሬቱ ጉዝጓዙን ለብሶ ይከርማል። በእጅ ገለጥ ሲደረግ ላዩ የሚንኮሻኮሽ ደረቅ ቅጠል ነው፤ ከሥሩ የአምናው ቅጠል አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ከዚያ ሥር አፈሩ ጥቁር ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በጥርም ርጥበት አለው። የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ሲወርድ ቁልቁለቱን ይዞት የሚሄደው አፈር ጥቂት የሆነው በዚህ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚኖርበት ይህን ያህል ቀጥ ያለ ተራራ ሳይናድ የቆየበትን ምክንያት የሚጠይቅ ሰው መልሱን እጁ ላይ ያገኘዋል።

የጌዴኦው ተወላጅ ምሁር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ስለዚህ የመሬት አያያዝ በሰፊው ጽፈዋል፤ ርዕሱም አምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነትን በጥያቄ ምልክት ያነሣል። የጥያቄ ምልክቱን እወድላቸዋለሁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ጉባኤ ነው የተመዘገበው። በኪሊማንጃሮ ቁልቁለት ላይ ቻጋ የሚባሉት ሕዝቦች ከዛፍ ሥር ሙዝ፣ ከሙዝ ሥር ቡና የሚያበቅሉበት ጓሮ ለዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ እዚያ ሙዝ ባለበት እዚህ እንሰት መሆኑ ነው፤ ሙዝ ፍሬውን ይሰጣል፣ እንሰት ራሱን።

ከዩኔስኮው መዝገብ ውስጥ ጎብኚ የሚፈልገው ትክል ድንጋዮቹን ነው። ቱቱ ፌላ የሚባለው ቦታ ላይ ድንጋዮቹ በእንሰትና በቡና መሐል ቆመዋል፤ ከፊሎቹ ላይ የሰው ፊት፣ ጡትና መስመር ተቀርጿል። አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ሳካሮ ሶዶ ላይ ያሉት ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ገደማ የቆሙ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ቀደም ሲል ከሚታሰበው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። ድንጋዩ ድንቅ ነው፣ አልክድም። አንድ የሚቆጨኝ ነገር ግን አለ። ሰዎች ካሜራቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው ጀርባቸውን ለጓሮው ይሰጣሉ። ድንጋዩን የቀረጸው እጅ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ከኋላቸው ያለው ሥራ ግን ዛሬ ጠዋትም ሲሠራ ነበር።

ይህ ሁሉ በደህና አለ ብዬ አላስመስልም። ወደ ቆላው ዝቅ ሲሉ ጫት ቡናውንና እንሰቱን እየገፋ ቦታ ይይዛል፤ ጫት ደግሞ ከላዩ ዛፍ እንዲቆምበት አይወድም። በደጋው ባሕር ዛፍ አለ። ባሕር ዛፍ ለምን እንደሚተከል ይገባኛል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቸግር ይሸጣል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል። በበጋ ጓሮ ዓይን ሲታይ ግን የባሕር ዛፍ ቁራሽ ሥር ባዶ ነው። ወፍ ብዙም የለበትም፣ ጉዝጓዙ ቶሎ አይበሰብስም፣ ቀለሙ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ሁለቱን ጓሮ በጥር ጎን ለጎን አይቶ የትኛው የሥራ ውጤት የትኛው የችግር ውጤት እንደሆነ ለመለየት የግብርና ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ጌዴኦዎች የምስጋናና የአዲስ ዘመን በዓላቸውን ደራሮን የሚያከብሩት በዚሁ ወራት ነው። ሕዝቡ በአባ ገዳው ፊት ይሰበሰባል፣ ካመረተውም ይዞ ይቀርባል። ጊዜው መመረጡ አይገርምም፤ ቡናው ተለቅሞ እያለቀ ነው፣ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ዲላ ገበያ ላይ አናናስ ተደርድሯል።

ቡናውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሰው ሁሉ ከእሱ ስለሚጀምር ነው። የይርጋጨፌን ስም የሚያውቅ የቶኪዮ ወይም የበርሊን ቡና ጠጪ እንሰት የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ይሆናል። በጥር በመፈልፈያዎቹ አካባቢ ያለው ቀለም በራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከመሬት ከፍ ባሉት የቡና አልጋዎች ላይ የታጠበው ቡና ከገለፈቱ ጋር የገረጣ ቢጫ ሆኖ ይሰጣል፤ ሳይታጠብ የሚደርቀው ደግሞ ከደም ቀይ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ጥቁር እየተሸጋገረ ሳምንታት ይቆያል። ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው በእጃቸው ይገላብጡታል፣ የተሰበረውንና የተነቆረውን ይለቅማሉ፣ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትከር ይሸፍኑታል። ጣቶቻቸው ከዓይናቸው ይፈጥናሉ።

እኔ ግን አንድ ቅርንጫፍ ላይ እቆማለሁ። በጥር መጨረሻ የቡና ቅርንጫፍ ላይ ያለፈውና የሚመጣው ዓመት አብረው ይገኛሉ። ወደ ግንዱ በኩል ለቃሚ ያለፈባቸው ባዶ አንጓዎች አሉ። ከእነሱ አለፍ ብሎ ጥቂት ፍሬ ቀርቷል፤ አንዱ ጠቁሮ ጀንፈል ሆኗል፣ አጠገቡ ያለው ደማቅ ቀይ ነው፣ ሌላው ገና አረንጓዴ። ወደ ጫፉ፣ በቅጠሉ ብብት ውስጥ፣ የስንዴ ፍሬ የማያህሉ አረንጓዴ እንቡጦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እነዚህ ተኝተዋል። የሚቀሰቅሳቸው ዝናብ ነው፤ ግን ዝናቡ እንዲቀሰቅሳቸው አስቀድሞ ድርቁን ማሳለፍ አለባቸው። ውኃ ሳይጎድልበት የከረመ ቡና አበባው ይዘበራረቃል። በጋው ለቡናው የጠፋ ጊዜ አይደለም፤ በየካቲት ወይም በመጋቢት የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ተራራው በአንድ ጠዋት የሚነጣው በዚህ ጥማት ምክንያት ነው። አበባው ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። ሽታው ግን መኪና ውስጥ ላለ ሰው በመስኮት ይገባል።

በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩና አረንጓዴው አብረው የተገኙበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዝናቡ አንዴ በደንብ ካልመጣ፣ ትንሽ ጥሎ ቆሞ እንደገና ከጣለ፣ እንቡጡም በየተራ ነው የሚፈነዳው። በየተራ ያበበው ከስምንት ዘጠኝ ወር በኋላ በየተራ ይበስላል። ስለዚህ ቀይ፣ አረንጓዴና ጥቁር ፍሬ የተደባለቀበት ቅርንጫፍ ያለፈው በልግ እንዴት እንደዘነበ ይናገራል። የዚህ ዕዳ የሚወድቀው ለቃሚው ላይ ነው። አንዴ ጠርጎ መውሰድ አይችልም፤ ወደዚያው ዛፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ በእያንዳንዱ ዙርም ቀዩን ብቻ በጣቱ ዞር አድርጎ ይነቅላል። ሲጎትት ከአንጓው ጋር ቅርፊት ይዞ ከመጣ ቅርንጫፉን አቆሰለው ማለት ነው። ጎበዝ ለቃሚ ያለፈበት ቅርንጫፍ ይታወቃል፤ አንጓው ንጹሕ ነው፣ ጉዳት የለበትም፣ አረንጓዴዎቹ እንቡጦች በቦታቸው ናቸው። ችኩል ያለፈበትም ይታወቃል። የአንድ ኪሎ ቀይ እሸት ዋጋ ለሁለቱም እኩል ነው የሚከፈለው፤ ልዩነቱን ዛፉ ነው ከዓመት በኋላ የሚያወራርደው።